በሁዳዴ የገደፈ ድስት

ከአዳማ ስነሣ ለቁርስ ቤት ደንበኞቼ «ልጅ ይዤ እመለሳለሁ» ብያቸው ነበር። የተመለስኩት ግን ብቻዬን ነው። አሁን ፉል ሊበላ የሚገባው ሁሉ ገና ወንበር ሳይስብ «ልጅቷስ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከሥር መሠረቱ ላውራ ብል ምጣድ ላይ ያለው ጨጨብሳ ያርራል፤ አንዴ አርሯልም። ስለዚህ ጻፍኩት። መካነ ሰላምን አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም ለማየት ሐሳቡ የሌላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሰብለ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። ባሏም እዚያው አገር፣ ከከተማ ርቆ ፍየል ይጠብቃል። ልጃቸው ቃልኪዳን ጡት እንደጣለች ለባሏ እናት ለእትዬ ጥሩወርቅ ነው የተተወችው፤ መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል ባለች መንደር። ሁዳዴ እንደገባ ሰብለ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ልጄ ከስታለች» አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለ ቀለሙን መለኪያ የልጅቷ ክንድ ላይ ጠምጥማ ብታየው ቢጫው ላይ አርፏል። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቀይ ሐኪም ቤት ነው፣ ቢጫ መሃሉ ነው። «ሄደሽ ወደ አዳማ ካላመጣሽልኝ ኮንትራቴን አቋርጬ እመጣለሁ» አለችኝ። ኮንትራት አቋርጦ መምጣት እንደ አፍ አይቀልም፤ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ መንገድ ላይ የቀረች ስንት አለች። ደነገጥኩ።

«አመጣልሻለሁ» አልኳት፣ ከልቤ። እትዬ ጥሩወርቅን የማውቃቸው በሰርጉ ዕለት ብቻ ነው፤ ቢሆንም የምናገራቸውን ክፉ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር የተነሣሁት። አንዲት ሕፃን ማብላት እንዴት ያቅታል? እኔ በየማለዳው ስንቱን አጥግቤ እሸኛለሁ። እንዲህ እያልኩ ነበር።

ማክሰኞ

አውቶብሱ በአፋር በኩል ነው የሄደው፤ አዋሽንና ሚሌን አልፎ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ሙቀቱን አልፈራሁትም፤ ለአዳማ ሰው ሙቀት ብርቅ አይደለም። ሚሌ ስንደርስ ግን አዳማ ደጋ መሆኑ ገባኝ። ሾፌሩ መስኮት ክፈቱ ይላል፣ ስንከፍት የሚገባው የምድጃ ወላፈን ነው፤ ዝጉ ይላል፣ ስንዘጋ እንቀቀላለን።

ለልጅቷ የአጥሚት ዱቄት ይዤላት ነበር። ገብሱን፣ አጃውን፣ ሽንብራውንና ኦቾሎኒውን ራሴ ቆልቼ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ ያስፈጨሁት ነው። ጣራ ላይ ከሚጫን ብዬ ከራስ በላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ላይ ሰካሁት። ከባቲ በኋላ ጠመዝማዛው ሲጀምር ከረጢቱ ተተረተረ። ከፊቴ ባለው ወንበር ጥቁር ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ዱቄቱ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። ልቀስቅሳቸው ወይስ እንዲሁ ላራግፍላቸው እያልኩ ሳመነታ ትከሻቸው ሁሉ ነጣ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ነቁና በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን አዩ።

«ልጄ» አሉኝ ዞር ብለው፣ «ለቅሶ ነበር የምሄደው። አሁን ግን ሟቹን መስያለሁ።»

አውቶብሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ይቅርታ እያልኩ በነጠላዬ ሳራግፋቸው እሳቸው ያሸታሉ። «መልካም ቆልተሽዋል። ለማን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። የራሳቸውን ልብስ ከቦርሳቸው አውጥተው በሻሽ ቋጠሩና ባዶውን ቦርሳ ሰጡኝ። «የተረፈውን በዚህ አድርጊው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። ቦርሳውን የምመልስበት አድራሻ ብጠይቅ ሳቁብኝ።

ደሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። አዳማ አንሶላ ይከብደኛል፤ ደሴ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የተኛሁት። አልጋ ቤት ያለችው ልጅ «ዛሬ እንኳ ሞቅ ብሏል» አለችኝ።

ረቡዕ

ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መኪና ላይ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ታሪፍ አይጠይቅም፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ነው የሚለው። ረዳቱ ለሁሉም «አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ነው» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አንገቷ ላይ ማተብ አላት፣ እሷም «አልሃምዱሊላህ» ብላ አማተበች። በእኛ ሰፈር ቢሆን ሰው ዞሮ ያያት ነበር፤ እዚህ ማንም ልብ ያለው የለም።

መንገዱ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ አሁንስ አለቀ ስትሉ ደግሞ ይወጣል። ከላይ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገበሬው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የበልግ እርሻ ይዟል። ምሳ ሰዓት ላይ አቀስታ ቆምን። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ክርስቲያኑ ገና ጾሙን አልፈታም፣ እስላሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። የምግብ ቤቷ ባለቤት ባንኮኒው ላይ ክንዷን ጥላ ባዶ ወንበሮቿን ታያለች። ሙያችን አንድ ስለሆነ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። «ምሳ የሚባል ነገር ተረሳ» አለችኝ። ከዚያ ከመኪናችን የወረዱትን ሕፃናት ሁሉ ጠርታ አንድ ትሪ ላይ ድንችና ዳቦ አቀረበችላቸው። አባቶች ኪሳቸውን ሲዳብሱ «ተዉ እስቲ፣ ቤቴ ሰው ይብላበት» አለች። ልጆቹ እየተጋፉ በሉ። እኔ አዳማ ለልጅ ለየብቻ በሳህን ነው የማቀርበው፤ ግማሹን ትተው ይሄዳሉ።

መካነ ሰላም የገባነው ለፍጡር፣ ለረመዳኑ ጾም መፍቻ፣ ሰው ወደየቤቱ ሲቻኮል ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ደርበብ ያሉ ሴት፣ ክፍሌን ሳያሳዩኝ በፊት «የማን ዘመድ ነሽ?» አሉኝ። ስነግራቸው የመንደሩን ስም አወቁት፤ በቅሎ የሚያከራየውን ሰው ራሳቸው ደውለው ጠሩልኝ። ሙቅ ውሃ በባልዲ አመጡልኝና «እግርሽን ንከሪ፣ ነገ ትፈልጊዋለሽ» አሉ። ከሳቸው ሱቅ ቅቤ ገዛሁ። «በሁዳዴ?» ብለው አዩኝ። «ለሕፃን ነው» አልኩ። «ይሁና» አሉ፣ ግን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ነበር። ያ ቅንድብ ሊነግረኝ የፈለገው ያኔ አልገባኝም።

ሐሙስ

ባጃጁ የቻለውን ያህል ሄደና አውርዶኝ ተመለሰ። አያ ሙሄ የሚባሉት ባለ በቅሎ እየጠበቁኝ ነበር። በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና በቅሎዋን አዩ። ቁርስ ቤት የሚሠራ ሰው ቀጭን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

«አብሽሪ እቴ» አሉኝ፣ «ከዚህ የከበደም ተሸክማለች። ስኳር ጭኜባት አውቃለሁ።»

ወንዝ ዳር ስንደርስ በቅሎዋ ስኳሩን መርጣ ይመስለኛል፣ አልሄድም አለች። አያ ሙሄ ለመኗት፣ ሰደቧት፣ ቢስሚላህ አሉ፣ እኔም ማርያምን ጠራሁ። በመጨረሻ ወርጄ ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። እሷ ቀድማኝ ተሻግራ ቆማ ትጠብቀኛለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሩቅ አይተውኝ እየሮጡ መጡ። ከሰርጉ ወዲህ አርጅተዋል። አንገቴን አቅፈው ትከሻ ለትከሻ ስንት ጊዜ እንደተሳሳምን አላውቅም። ያዘጋጀሁትን ክፉ ቃል ልጀምር ስል በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ሙቅ ውሃ አምጥተው እግሬን ማጠብ ጀመሩ። «ኧረ እትዬ፣ አንቱ እኔን! ይተዉ!» ብል አልሰሙኝም። ጎንበስ ብሎ እግርህን በሚያጥብ ሰው ላይ መቆጣት የሚችል ካለ ይምጣ።

ቃልኪዳን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ፀጉሯ ሳሳ ብሏል፣ አይኗ ትልቅ ሆኗል፣ ጠራኋት አልመጣችም፣ አላለቀሰችምም። የዕድሜዋ ልጅ ወይ ይመጣል ወይ ይሮጣል። በእጇ ብስኩት ይዛለች፤ አትበላውም፣ ይዛዋለች። 

ሰብለ በምትልከው የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ከጎን ቆሟል፤ ለእሷ ተብሎ ተቆልፎ ማንም አይኖርበትም። እትዬ ጥሩወርቅ ቁልፉን ከፍተው አሳዩኝ። መደርደሪያው ላይ የብስኩትና የጣፋጭ ጭማቂ ካርቶን ተደርድሯል። «ጎደለባት እንዳትይ» አሉ በኩራት።

«እትዬ፣ ገንፎስ? ቂጣስ?»

«የዓረብ አገር ልጅ ናት እኮ! እናቷ እዚያ ስትለፋ እኔ የገብስ ቂጣ ሳጎርሳት ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል? ብሯን በላችባት ይሉኛል።»

ዶሮዎቹ በግቢው ይጭራሉ። ስለ እንቁላሉ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ገበያ ይወጣና በዋጋው ብስኩት ይገዛል። «ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ በምን ድስት እሠራዋለሁ?» አሉኝ። ልጅ እስከ ሰባት ዓመቷ ጾም እንደሌለባት ያውቃሉ፣ የንስሐ አባታቸውም ነግረዋቸዋል። ልጅቷ አትጾምም። የሚጾመው ድስቱ ነው።

አርብ

እትዬ ጥሩወርቅ ለቅዳሴ ወጡ። እኔና ቃልኪዳን ቀረን። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ይልቅ ብልህ መስዬ ነበር የታየሁት። እንቁላል አለ፣ ቅቤ ይዣለሁ፣ እሳቱ አለ። ምድጃው አጠገብ የተደፋውን ድስት አንሥቼ እንቁላሉን በቅቤ ጠበስኩላት። ቤቱ ሸተተ፣ እኔም ሆዴ ጮኸ።

ቃልኪዳን ሁለት ጉርሻ በላች። ሦስተኛው ላይ አፏን ገጠመች። ለመንኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ጎርሼ ላሳያት እንዳልል ጾመኛ ነኝ። አይን ላይን ተያየን፣ እሷ አሸነፈች። አዳማ ላይ የሚበላ ሰው ችግሩ ሲጨርስ አለመሄዱ ነው፤ እንዲህ አይነት ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ድስቱን በአመድ ፈተግኩት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ በሙቅ ውሃ ደግሜ አጠብኩት። እቤቴ ሁሌም የማደርገው ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ቅቤ ሸተተኝ» አሉ።

«አጥቤዋለሁ እትዬ፣ በደንብ አጥቤዋለሁ።»

ድስቱን አነሡት። «ሸክላ ታጥቦ ይጠራል እንዴ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ሠላሳ ዓመት በብረት ድስት ነው የሠራሁት። ብረት ታጥቦ ይነጻል። ሸክላ ግን ይጠጣል፤ የጠጣውን ቅቤ ፋሲካ እስኪደርስ አይተፋም። ይህን ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት አውቀው ነበር፣ ከተማ አስረሳኝ። የፍስኩ ዕቃ ለጾሙ ታጥቦ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል፣ ብረት ድስታቸው ለቅሶ ቤት ተውሷል፤ ያስገደፍኩት ያለቻቸውን አንዲት የሽሮ ድስት ነው። ሴትዮዋ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደረቅ እንጀራ ቆርሰው በበርበሬ ሊበሉ ተቀመጡ፣ ለእኔም ዘረጉልኝ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

በዚህ መሃል ከአጥር ማዶ «እትዬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታቸው ዘይነባ ናት፣ ወጣት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት። ሽታው እሷም ጋ ደርሶ ነበር። ገብታ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሁሉም ገባት።

«ገደፈ?» አለች።

«ገደፈ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ታዲያ ለእኔ ይስጡኝ። ቀን የምጾመው እኔ ነኝ እንጂ ድስቴ አይጾምም» አለች። ወጥታ ተመለሰች፤ ከባለፈው ገበያ የገዛችውን፣ ገና ያልሟሸ አዲስ ድስት ይዛ። «ይሄ ምንም አልነካውም። አንቱ ያሟሹት፣ ሽሮዎን ይሥሩበት። የገደፈው ደግሞ እኔ ቤት ይቀመጥና የቃልኪዳን ድስት ይሁን። እንቁላሏን እኔ እሠራላታለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ አዲሱን ድስት ገልበጥ አድርገው አዩት። «ሥጋ እንዳይሆን እንጂ» አሉ።

«ሥጋማ የየራሳችን ነው፤ ወላሂ አላቀምሳትም። እንቁላል ግን የማንም አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አብሽሩ እትዬ ብርቄ» አለች፣ «አላህ ሳይደግስ አይጣላም።»

ማታ ፍጡሯ ላይ ጠራችን። ለእኛ ብላ የምስር ሳምቡሳ በዘይት ለይታ ጠብሳልናለች፣ ተምርም አቀረበችልን። እትዬ ጥሩወርቅ አዲሱን ድስት እያሟሹ ስለነበር ዘግይተው መጡ። ሳምቡሳውን ሲቀምሱ ሳቁ፤ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ሦስታችንም ዘይነባ ምድጃ አጠገብ ቆመናል። የገደፈው ድስት ተጥዷል፤ እንቁላል፣ ትንሽ ወተት፣ እኔ ካመጣሁት ዱቄት ጥቂት። ዘይነባ ማማሰያውን አውጥታ ቆመች።

«ጨው ልኩ ይሆን?»

እኔን አየችኝ። እኔ ሁዳዴ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅን አየች። እሳቸውም ሁዳዴ። እሷ ራሷ ረመዳን። ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ባለ ምግብ ቤት፣ አንድ ድስት ከበን የሚቀምስ አጣን። የዘይነባ ትልቋ ልጅ ሰሚራ ተጠራች። ቀመሰች፣ እንደ ሽማግሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየች፣ «አልጣፈጠም» አለች። ጨው ተጨመረ። «ትንሽ» አለች። ተጨመረ። «አሁን ደህና» ብላ ማንኪያውን አልመልስም አለች።

ለሦስቱም ልጆች በአንድ ትሪ ቀረበ። ሰሚራና ታናሽ ወንድሟ ወዲያው ገቡበት። ቃልኪዳን መጀመሪያ አየቻቸው። ከዚያ ትሪው ሲጎድል አየች። እጇን ሰደደች። የሰሚራ ወንድም ከፊቷ ሊወስድ ሲል እጁን ገፋችው፣ አቤት የጮኸችው ጩኸት! ድምፅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ አይናቸውን ጠረጉ። «ይህን ያህል ስትበላ አይቻት አላውቅም» አሉ።

ከዚያ አብሬያቸው ገበያ ወረድኩ። የአዳማ ገበያ ጫጫታው ይከብዳል፣ እዚህ ግን ወሬው ነው የሚከብደው። እንቁላል ሳይዙ መምጣታቸውን ያላየ የለም። «ምነው ጥሩወርቅ፣ ዶሮዎችሽን ጭልፊት ወሰደብሽ?» አለቻቸው አንዷ ጓደኛቸው። «አይ፣ ልጅቷ ትበላዋለች» አሉ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ አነስ ብሎ ነበር። «በሁዳዴ? በምን ድስት?» «በዘይነባ ድስት።» ሴቲቱ ቀረብ አለችና «ዘይነባ ሌላም ታስገባ ይሆን? የእኔም የልጅ ልጅ አለ፣ እናቱ ኩዌት ናት» አለች። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ከፍ አለ። ስንመለስ ግን አንድ ብስኩት ገዝተው በመቀነታቸው ሸጉጠው ያዝኳቸው። «ለእንግዳ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

እሑድ

ቀትር ላይ የዘይነባ ልጆች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። እናታቸው ስትጾም ቀትር ላይ ኃይሏ ይከዳታል፣ ስለዚህ የቀትሩ ምግብ ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት እንዲሆን ተስማምተዋል። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። በአዲሱ ድስት የተሠራ የሽሮ ፍትፍትና ድንች ቀረበ፣ ሦስቱም ተሻሙበት፣ ድመቷ እንኳ የደረሳት ነገር የለም።

ዘይነባ አመሻሽ ላይ አጥሩ ጋ አገኘችኝ። «ሊወስዷት ነው አሉ» አለችኝ።

«ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔም ጅዳ ነበርኩ» አለች። «ሰሚራን ለእናቴ ትቼ። ብር እልክ ነበር፣ ክንዷ ግን ቢጫ ነበር። እናቴ አልከፋችባትም። ግን አንዲት ባልቴት ምን ታድርግ? ውሃ ትወርዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እርሻ አለ። ልጅ ሲያለቅስ ያለውን አስይዛ ትሮጣለች። መጥቼ ሳይ የጎደለው ብር አይደለም፤ ሰው ነው።» ቀጥላም፣ «አንቱ ጋ ናዝሬት ከማን ጋር ትበላለች?» አለችኝ።

የአዳማ ውሎዬን አሰብኩት። ከንጋት በፊት እነሣለሁ፣ እስከ ቀትር ቆሜ ነው የምውለው። የማሳድገው ልጅ የለም፣ ግቢያችን ውስጥም ልጅ የለም። ቃልኪዳን በወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለብቻዋ በሳህን ቀርቦላት፣ የማያውቋት ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ ስታይ ታየኝ። ዱቄቱን በሙሉ ለዘይነባ ሰጠኋት።

ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ የልጅቷን ልብስ አጣጥፈው እየቋጠሩ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። «ክፉ አሳዳጊ አይደለሁም» አሉ። «የማውቀውን ነው ያደረግሁት። ግን ይህቺ ልጅ ከምትሞትብኝ ሩቅ ሆና ትኑርልኝ። ውሰጃት።» ቋጠሮውን ሦስቴ ፈትተው ሦስቴ አሰሩት። እኔም የራሴን ቦርሳ መቋጠር ጀመርኩ።

ሰኞ

አያ ሙሄ በቅሎዋን ይዘው መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ቃልኪዳንን አልብሰው፣ ፊቷን በቅባት አብሰው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው አቀረቡልኝ። ልጅቷ አየችኝ፣ ከዚያ ሰሚራ ከአጥሩ ማዶ ስትጠራት ሰምታ ከእቅፋቸው ለመውረድ መንፈራገጥ ጀመረች።

«ያውርዷት እትዬ» አልኩ። «ብቻዬን ነው የምሄደው።»

አላመኑኝም፣ ደግሜ ነገርኳቸው። ልጅቷን አወረዷት፣ ልጅቷም ወደ ዘይነባ ቤት ሄደች። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ የናዝሬት ቁርስ ቤት ሁሉ የእኔ እንዲሆን ጭምር። ብስኩቷንም ከመቀነታቸው አውጥተው ለመንገድ ሰጡኝ፤ በሁዳዴ የምትበላ ናት።

ቀሪው ሰብለ ነበረች። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። በቅሎዋን አስቁሜ ደወልኩ።

«አክስቴ! ይዘሻት ወጣሽ?»

«አልያዝኳትም» አልኳት። ሳታቋርጠኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድስቱን፣ ትሪውን፣ ዘይነባን፣ የልጅቷን ጩኸት። «ፋሲካ ድረስ እዚሁ ትቆይ። ክንዷ ደግሞ ሲለካ፣ ካልተሻለው መጥቼ እወስዳታለሁ። ኮንትራትሽን እንዳታቋርጪ።»

 ከዚያ የጠየቀችኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

«ዘይነባን ምን ብላ ነው የምትጠራት?»

ልዋሽ አሰብኩ። ግን ቅዳሜ ጠዋትም እሑድም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እማ ነው የምትላት» አልኳት። «ልጆቿ ሲሏት ሰምታ ነው።»

  ከበስተኋላዋ አንድ ትንሽ ልጅ በዓረብኛ እየተነጫነጨ ይጣራል።

«እኔንም እዚህ የማሳድገው ልጅ ማማ ነው የሚለኝ» አለች ሰብለ። «እናቱ ስትሰማ ፊቷ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።» አፍንጫዋን ሳበች። «ትበላለች ግን? በእርግጥ ትበላለች?»

«ተሻምታ ነው የምትበላው።»

«እንግዲያስ ትጥራት» አለች። «ልዝጋ አክስቴ፣ ልጁ ቁርሱን አልበላም።»